የሃውገንስቱዋው ፈርዖን

ነገሩ በተጀመረበት እሑድ ጠዋት ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሊፍቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። የታናሽ ወንድሜ የቴዎ ራስ ላይ ከፀጉር በቀር ምንም የለም። አባቴ ከእግዚአብሔርም፣ ከጋሽ ገብረመድህንም፣ አራተኛ ፎቅ ከምትኖረው ከቱርዲስም ጋር ሰላም ነው። እኔ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ የመሞት አሳብ የለኝም።

የምንኖረው ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወጣ ብሎ ካሉት ብሎኮች በአንዱ ነበር። እንዲህ ያለው ብሎክ የነዋሪዎቹ የጋራ ንብረት ነው፤ ቦሬትስላግ ይሉታል። ጣራ ሲያፈስ፣ ቧንቧ ሲዝግ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በጫማ መደርደሪያ ሲጣላ የሚዳኝ ኮሚቴ አለው፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ስቲረሌደር ይባላል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ ስቲረሌደር የሆነው አባቴ ኃይለመስቀል ነበር።

እንዴት እንደተመረጠ እናቴ ቆንጂት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትናገራለች። "የድሮው ሊቀ መንበር ጓዙን ጠቅልሎ ስፔን ገባ። 'ማን ይተካው?' ተባለ። ፈረንጅ ሁላ ጫማውን ማየት ጀመረ። አዳራሹ ይሞቃል፤ የእኔ ጀግና መስኮት ልክፈት ብሎ ብድግ አለ። ያቺ ቱርዲስ 'ኃይለመስቀል ተነሣ!' ብላ ጮኸች። አጨበጨቡ። አለቀ። መስኮቱ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።"

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አባቴ ተነሣ፤ ሕዝብ አጨበጨበ፤ ነገሠ። ማስረጃም ነበረኝ። ወገቡ ላይ የምድር ቤቱን፣ የጣራውንና የቆሻሻ ክፍሉን የሚከፍት የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲያገኘው ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ በረዶ አቤት ይለዋል። ቀን ሆስፒታል ወለል ሲያጸዳ ይዋል እንጂ፣ ቤት ሲገባ "ነዋሪዎቼ እንዴት ዋሉ?" ይል ነበር። አሁን ሳስበው እየቀለደ ነው። ያኔ ግን ነዋሪዎቹ የእርሱ ለመሆናቸው ጥርጥር አልነበረኝም።

ጋሽ ገብረመድህን የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ መቋሚያቸውን አውቶቡስም ውስጥ የማይለቁ ሰው። በአማርኛ ተናግረው አይጠግቡም፤ ኖርዌጅኛ ግን እንቢ ብሏቸዋል። ለከተማው አስተዳደርም ለሐኪሙም አፍ የሚሆንላቸው ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህታቸው ልጅ ነው። ስሙ አሮን ነው።

በዚያ እሑድ የግብፅን መቅሠፍት አስተማሩን። ውሃው ደም ሆነ፤ ጓጉንቸሩ መጣ፤ ቅማሉ መጣ፤ እስከ በኩር ልጆች ሞት ድረስ። እጄን አነሣሁ።

"ጋሽ ገብረመድህን፣ እምቢ ያለው ፈርዖን ነው አይደል?"

"እህሳ።"

"ታዲያ ጓጉንቸሩ ለምን ሌላ ሰው ቤት ገባ?"

"ሕዝብ ከንጉሡ አይለይማ፣ ልጄ። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ይባላል። አጎንብሰውለታል፤ አጨብጭበውለታል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ ከገማ ግን ጅራቱም አይበላም።"

"ሕፃናቱም አጨብጭበዋል?"

"ዳዊትን ተመልከቺ" አሉ ጥያቄዬን ተሻግረው። "የተወደደ ንጉሥ ነው። አንድ ቀን ልቡ ታበየና ሕዝቡን ቆጠረ። በዚያ ጠንቅ ሰባ ሺህ ሰው በቸነፈር አለቀ።"

"ዳዊትስ?" አለ ቴዎ።

"ዳዊት ተጸጸተ።"

"አልሞተም?"

"አልሞተም።"

ቴዎ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ብድግ አለና በኖርዌጅኛ "ይሄማ ማጭበርበር ነው!" ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ገብረመድህን ወደ አሮን ዞሩ። "ምን አለ ልጁ?"

"ትምህርቱ ጥልቅ ነው አለ፣ ጋሼ" አለ አሮን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የበራችን ደወል ጮኸ። ጋሽ ገብረመድህን ከነመቋሚያቸው ቆመዋል፤ አጠገባቸው አሮን። የምንማርበት የኖርዌጂያኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለእድሳት ሊዘጋ ነበርና፣ የእኛን ብሎክ የምድር ቤት መሰብሰቢያ ክፍል ለእሑድ እሑድ ሊጠይቁ መጥተዋል። አባቴ ስቆ ተቀበላቸው። ጉዳዩን ሲሰማ ግን ሳቁን ሰበሰበና የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ።

"ይህ የቦሬትስላግ ጉዳይ ነው" አለ በኖርዌጅኛ። "በሥራ ቋንቋ እንነጋገር።"

ጋሽ ገብረመድህን ወደ አሮን ዘንበል አሉ። "ምን ሆነ? አበደ?"

"አጎቴ ትንሽ ተገርመዋል" አለ አሮን ለአባቴ፣ በኖርዌጅኛ።

"እንዲህ በለው። ልጆቹ ለእግዚአብሔር የሚዘምሩበት ስፍራ ይስጠን። አይጥ የሚዘልበት ባዶ ክፍል ነው። አልሰጥም ካለ ከፈጣሪው ጋር ይተያይ።"

"ማመልከቻ ለማስገባት እያሰቡ ነው" አለ አሮን።

"ቢያስገቡም እኔ ሊቀ መንበር እያለሁ አይሆንም" አለ አባቴ።

"ምን አለ?"

"አይሆንም አለ፣ ጋሼ።"

"እሱንማ ከፊቱ አንብቤዋለሁ! ወዲያውም 'ናይ' ማለትን የማላውቅ መሰለህ እንዴ?"

እናቴ ከማእድ ቤት ተጣራች። "ኃይሌ! ኧረ በናትህ፣ እምቢም ካልክ በአማርኛ በላቸው!"

እኔ ኮት መስቀያው ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም አየሁ። መቋሚያ የያዘ ሰው አለ። አፍ የሆነለት አሮን የሚባል ሰው አለ። ልጆቹ ለእግዚአብሔር የሚዘምሩበት ስፍራ ይለምናሉ፤ ገዢው እምቢ ይላል። የጎደለው መቅሠፍቱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ቧንቧውን ከፍታ ጮኸች። የወረደው ቀይ ነው።

ዛሬ ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው፤ ስለዚህ እናገራለሁ። ዋናው መስመር ተዘግቶ ሲከፈት ቧንቧው ውስጥ የተጋገረው ዝገት ይላቀቃል። ብረት ነው፤ ሰው አይገድልም፣ ነጭ ልብስ ያበላሻል። ውሃው እንደሚዘጋ፣ ሲከፈትም ቀይ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊፍቱ ውስጥ ተለጥፎ ከርሟል፤ የፈረመውም አባቴ ነበር። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። ግን ሙሴም እኮ አስቀድሞ ያስጠነቅቅ ነበር።

ሁለተኛው ላይ ተቸገርሁ። ጓጉንቸር የለም። ከብሎኩ ጀርባ ያለውን ረግረግ ዞሬ አየሁ፤ የለም። አለ ብዬ ልዋሽ አልፈለግሁም። ያን ሳምንት ግን ዘነበና የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ሁሉ ዓይን የተለጠፈበት አረንጓዴ የጎማ ቦት አደረጉ፤ የጓጉንቸር ፊት ነው። ቴዎም አሮጌ ቦቱን አጥልቆ፣ እናቴ እየጮኸችበት፣ ምጣድና ድስት የምናስቀምጥበት ድረስ ጭቃውን ይዞ ገባ። ጓጉንቸሮቹ እስከ ምድጃና እስከ ቡሃቃ እንደሚገቡ ተምረናል። ተቀበልሁት።

ጋሽ ገብረመድህን በሚቀጥለው እሑድ እንደገና መጡ። አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈና በኖርዌጅኛ እምቢ አለ። ማክሰኞ ቴዎ ራሱን ማከክ ጀመረ፤ ቅማል። የቱርዲስ ድመት ታሞ ደረጃው ላይ አስመለሰ፤ ከከብቶቹ ቸነፈር ቆጠርሁት። በረዶው ያለማንም እርዳታ ወረደ፤ ወሩ የኦስሎ ሚያዝያ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ሲባሉ የመግቢያችን መብራት ተቃጠለና ደረጃው ጨለማ ሆነ። ዝንቡ፣ ቁስሉና አንበጣው አልመጡም፤ የሚያስፈራኝ ግን የመጨረሻው ነበር።

"በኩር ማለት ምንድን ነው?" አለ ቴዎ፣ እናቴ ራሱን በመድኃኒት አጥባ ፎጣ ጠምጥማበት።

"መጀመሪያ የተወለደ።"

"እኔ ነኝ?"

"አንተ ሁለተኛ ነህ።"

አሰበበት። "ብስክሌትሽስ ለማን ይሆናል?"

ያን ቀን እራት ላይ የመጨረሻ ሙከራዬን አደረግሁ።

"አባዬ፣ ለጋሽ ገብረመድህን ክፍሉን ፍቀድላቸው።"

"አይሆንም፣ የኔ እናት።"

"ለምን?"

ሹካውን አስቀመጠ። "ስሚኝ ሄርሜላ። እዚህ አገር እኔ ባጠፋ ኃይለመስቀል አጠፋ አይባልም። ሐበሾቹ አጠፉ ነው የሚባለው። የእኔ ጥፋት ቅጣቱ ለሁላችሁም ነው። ለአንቺም፣ ለቴዎም፣ ትቬይታ ሰፈር ላለችው ለማናውቃት ሴትዮም።"

"ታውቃለህ ማለት ነው?"

"አሳምሬ።"

"እያወቅህ ነው እምቢ የምትለው?"

"ስለማውቅ ነው እንጂ!" አለና ፓስታውን ጠቀለለ።

እናቴ "ከልጅ ጋር ፖለቲካ ምን አመጣው?" አለች። እኔ አባቴን አየሁት። አምኗል፤ ልቡን ግን አጽንቷል። የገዛ በኩሩ ነገር ምንም አልመሰለውም።

ከሁለተኛ ፎቁ ነዋሪ አንዱ፣ አባቴ በተመረጠ ማግስት፣ ሊፍት ውስጥ ፈገግ ብሎ "እንግዲህ ምድር ቤቱ ከበሮ በከበሮ ሊሆን ነው?" እንዳለው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ያን ቀን ስቆ አልፎታል። ከዚያ በኋላ ግን የመጀመሪያ ውሳኔው ለገዛ ወገኑ ከሚሆን ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጥ ነበር። ፍርሃቱን ደግሞ የተረዳሁት ሥራ በጀመርሁበት ሳምንት፣ የሌላ ሰው የውሃ ናሙና ከእጄ አምልጦ ሲሰበር ነው። ቀድሞ የመጣብኝ አሳብ "ምን ይሉኛል" አልነበረም፤ "ምን ይሉናል" ነበር።

ቅዳሜ ዱግናድ ሆነ። ዱግናድ ማለት ነዋሪው ሁሉ ወጥቶ ግቢውን በነጻ የሚያጸዳበት ቀን ነው፤ የቀረ ሰው ስሙ ለዓመት ይነሣል። አባቴ ቋሊማ ይጠብሳል፤ ሰው ቅጠል ይጠርጋል፤ እኛ ልጆች የግቢውን አግዳሚ ወንበር እንድንቀባ ተሰጠን። ቀለሙ የገጠር ጎተራ የሚቀባበት ጥቁርማ ቀይ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ውስጡን አየሁ፤ ሞት የሚያልፈው መቃንና ጉበኑ በደም የተቀባውን ቤት ነው። ከዚያ ብሩሽ አነሣሁ።

መጀመሪያ አሳቤ የእኛን በር ብቻ መቀባት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ ግራና ቀኝ መቃኑን ቀባሁ። ከዚያ ግን የጎረቤታችንን በር አየሁ። ጓጉንቸሩ ለምን ሌላ ሰው ቤት ገባ ብዬ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። እኔን አትርፌ የፊት ለፊቷን ልጅ ብተዋት ከማን ተሻልሁ? ወደ ታች ወረድሁ፤ ሁሉንም ቀባሁ። ወደ ላይ ወጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር፤ ቁመቴ ጉበኑ ላይ አይደርስም።

የቱርዲስን ሁለተኛ መቃን እየጨረስሁ ሳለ በሩ ተከፈተ። ቱርዲስ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቡና ልታፈላ ከዱግናዱ ወጣ ብላ መጥታለች።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?"

"እንዳትሞቺ ነው" አልሁ። "አንቺም በኩር ነሽ፤ የሰባት ልጆች ታላቅ ነኝ ብለሽኛል።"

ግራ መቃኑን አየች፤ ቀኝ መቃኑን አየች፤ ብሩሹን አየች። ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቱርዲስ ግን ያደገችው በደቡቡ ጠረፍ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቃሉ በሚያውቅበት አገር።

"ጉበኑ ቀርቷል" አለች።

"አልደርስም።"

"እንግዲያው ምንም አልሠራሽም።" ገብታ የማእድ ቤት ወንበር አመጣች። እኔ ያዝሁላት፤ እርሷ ወጥታ ከዳር እስከ ዳር ቀባችው። "ለመሆኑ ፈርዖኑ ማነው?"

"አባቴ።"

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እንባዋ ወረደ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባት መሰለኝ። አፅናናኋት።

ከታች ጩኸት ተሰማ። እጁን ሊታጠብ የገባው የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ በሩን አይቶ ነው። ተከትሎት የመጣው ሁሉ ደነገጠ። የውጭ ዜጎች በር ላይ ምልክት ተደረገ ተባለ፤ ፖሊስ ይጠራ ተባለ፤ አንዲት ሴት አለቀሰች። ሰዎቹ ምን ያህል ፈርተው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን መቅሠፍቱን የፈሩ መስሎኝ "አይዟችሁ፣ ተቀብቷል!" እያልሁ በቀይ እጄ ወረድሁ።

አባቴ የቋሊማ መቆንጠጫውን እንደያዘ እጄን አየ። ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ፤ በአማርኛ ለእርሱ፣ በኖርዌጅኛ ለሌላው። ስለ ደሙ፣ ስለ ቦቱ፣ ስለ ድመቱ። እናቴ አፏን በሻርፗ ያዘች። ማን እንደሳቀ አላየሁም፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

ግቢው መሐል ቆመና ሸሚዙን ቆለፈ። "ጥፋቱ የቤቴ ነው" አለ። "በሮቹን ብቻዬን አጸዳለሁ። ከዛሬ ጀምሮም ሊቀ መንበር አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ በእኔ የሌላውን ሰው ስም አታንሡ።"

የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ "እንግዲህ፣ የገዛ ልጁን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው..." ብሎ ጀመረ።

"ቆይ!" አለች ቱርዲስ። ክንዷ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። "ይህን ሰው ሊቀ መንበር ያደረግነው መስኮት ሊከፍት ሲነሣ ነው። ሥራው እንዳይደርሰን ብለን አጨበጨብንበት። ያላጨበጨበ አለ? እጁን ያውጣ።"

ሰው ሁሉ ጫማውን አየ።

"እንግዲያው ያጨበጨበ ብሩሽ ያንሣ። ቀለሙ ሳይደርቅ።"

ባልዲ መጣ፤ ሳሙና መጣ። እናቴ ስልክ ደውላ ጋሽ ገብረመድህንን ከሚኖሩበት ሰፈር ከሮመን ጠራቻቸው፤ ከአሮን ጋር በአንድ ትንፋሽ ደረሱ። ደረጃውን ሽቅብ አይተው አማተቡ።

"ኧረ ይህን ማን አስተማራት?"

"እርስዎ" አለች እናቴ።

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ኮታቸውን አወለቁ። የእኛን በር አባቴ ከግራ፣ እሳቸው ከቀኝ ያዙት። እኔ ባልዲውን ይዤ በመሐል ቆምሁ።

"እኔ እኮ ሕዝብ ከንጉሡ አይለይም ያልሁት ስለ ግብፅ ነው" አሉ ጋሽ ገብረመድህን እየፈተጉ። "ስለ ሃውገንስቱዋ አልኩ እንዴ?"

"እኔስ ለምን እምቢ ያልሁ ይመስልዎታል?" አለ አባቴ። በአማርኛ ነው የተናገረው። "ብፈቅድልዎ 'ለራሱ ሰዎች አደላ' ይሉኛል። ከእኔ አልፎ ለእርስዎ ይተርፋል።"

ጋሽ ገብረመድህን እጃቸውን አቆሙ። "ይህንን ያኔውኑ በአማርኛ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"በአማርኛማ ብናገር እምቢ ማለት አልችልም ነበር፣ ጋሼ።"

ጋሽ ገብረመድህን መፈተጉን ቀጠሉ። "ድሮ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባል ነበር።"

"እዚህ ማመልከቻ ካስገቡ ሰማዩም ይታረሳል።"

ሁለቱም ሳቁ። አባቴ ሲስቅ ያየሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ልቡ ተመልሷል ብዬ እኔም እፎይ አልሁ።

ክፍሉን ለልጆቹ እንስጥ የሚለውን ያነሣው፣ ማንም ባልጠበቀው መንገድ፣ የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ ነው፤ ጋሽ ገብረመድህን የእርሱን በር ሲያጸዱ ስላየ ይሁን ስለ ሌላ አላውቅም። እዚያው ግቢው ውስጥ እጅ ወጣና ተፈቀደ። አባቴ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ቆልፎ፣ በኖርዌጅኛ፣ ድምፀ ተአቅቦ ማድረጉን አስታወቀ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ገብረመድህን።

"ደስ ብሎኛል አለ" አለ አሮን።

ሹመቱን አስረክባለሁ ያለውን የተቀበለው አልነበረም። መብራቱን ሰኞ ራሱ ቀየረው፤ ቴዎ ሁለቴ ታጥቦ ነጻ፤ ውሃው በሳምንቱ ጠራ። እኔ ግን በየማለዳው ስነቃ መጀመሪያ ትንፋሼን አዳምጥ ነበር።

በዚያ መግቢያ ስንት በኩር ይኖር እንደነበር ካደግሁ በኋላ አንድ በአንድ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ አሥራ አራት ነን። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስታችን ዛሬም በሕይወት አለን። አሥራ አራተኛዋ ቱርዲስ ናት፤ ባለፈው ኅዳር፣ በዘጠና ሁለት ዓመቷ፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ አረፈች።